«አይሆንም» የማይል ሥራ አስኪያጅ

ባለፈው ዓመት በቴሌቪዥን ሞትኩ። ሊገድሉኝ መወሰናቸውን መጨረሻ ላይ የተረዳሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጡረተኛ ነኝ። ሮቤ ገበያ ስወጣ አሁንም የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ በቀደም ዕለት ዓይኗን አፍጥጣ «እርስዎ ሰውዬ፣ ሞተው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። መዝና ስታበቃ ሁለት ራስ መረቀችልኝ። በሕይወት ሳለሁ መርቃልኝ አታውቅም።

ስሜ ከድር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎባ፣ ቤቴ ሮቤ ነው። በተከታታይ ድራማ ላይ ለብዙ ዓመት የማካሮኒ ፋብሪካ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ ብዙ ሰው የለም፤ «ሥራ አስኪያጁ» ነኝ። የባጃጅ ልጆች ሲጭኑኝ «ሥራ አስኪያጅ፣ መኪናው ጋራዥ ገባ እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ። መኪና ኖሮኝ አያውቅም። በድራማው ከኋላ ወንበሯ የምወርድባት ጥቁር መኪናም የኪራይ ናት። እኔ ኮራ ብዬ በሯን ስዘጋ ባለቤቷ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ በእጁ ይለምነኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጎባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ነበር። የመደቡ መጠሪያ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን አጭር። ባለጉዳይ ሲመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ነው። አለቃዬ በሩን ዘግተው ቆሎ ሲቆረጥሙ ይሰማኛል። ባለጉዳዩም ይሰማዋል። ሁለታችንም ያልሰማን መስለን እንተያያለን። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ለኋላ ሙያዬ ግን እንደዚያ በር ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም።

ከዚያ ወደ ደሎ መና አዛወሩኝ። አውቶቡሱ ከተራራው ወርዶ ቆላው ሲጀምር ኮቴን አወለቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ እስካለሁ ድረስ መልሼ አልለበስኩትም። የደሎ መናው አለቃ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። «ይሆናል» ካሉ ይሆናል። «አይሆንም» ካሉ ባለጉዳዩ አመስግኖ ወደ ቡናው ወይም ወደ ማሩ ይመለሳል። በራቸው ክፍት ስለነበር እኔ በር ላይ የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ብዙ ሳይቆዩ ከቦታው ተነሡ። የተነሡበት ምክንያት ለሠራተኛው ሲነበብ ቆሜ አዳመጥኩ። ጽሑፉ ረጅም ነበር፤ ምክንያቱ ግን ውስጡ አልነበረም።

ከተማሪነቴ ጀምሮ ድራማ እወድ ስለነበር ሮቤ ስመለስ ከኪነት ቡድን ጋር መሥራት ጀመርኩ። ቁመቴ ዘለግ፣ ሆዴ ቀደም፣ ድምፄ ወፈር ያለ ስለሆነ የሚሰጡኝ ሁልጊዜ የሀብታም ቦታ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ድሃ ልሁን ብዬ ብለምን «ፊትህ አያሳምንም» አሉኝ። ባለቤቴ ዘይነባ ይህን ስነግራት «ቤታችን መጥተው አያውቁም ማለት ነው» አለች።

አንድ የድራማ ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ የመጣው ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ነው። ታሪኩ የገበሬዎችን መሬት ለፋብሪካ ስለሚወስድ ባለሀብት ነበር። ባለሀብቱን እንድሠራ እኔን መረጡኝ። እንደዚያ ያለ ዕድል አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ ዘይነባም ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። አዘጋጁ «እውነተኛ የአገር ሽማግሌዎች ፈልግልኝ» ሲለኝ በቀጥታ ወደ እናቴ ወንድም ወደ ሐጂ ሁሴን ሄድኩ። ሐጂ ከሮቤ ወጣ ብለው ስንዴና ገብስ የሚያርሱ፣ ሰው ሲጣላ ቀድመው የሚጠሩ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልናገር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ለጉዳይ ሲቀመጥ፣ አንዱ ወገን ተናግሮ እንደጨረሰ መልስ አይሰጠውም። የተመረጠው ሽማግሌ አስቀድሞ የሰማውን ለተናጋሪው ይመልስለታል። «ያልከው ይህ ነው፤ እኛ የሰማነው ይህን ነው» ይለዋል። ተናጋሪው «አዎ» ሲል ነው ነገሩ የሚቀጥለው። አዘጋጁ ይህን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ለድራማም ያደርጉታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በትራቸውን ይዘው መጡና ማሳው ዳር ተቀመጡ። አዘጋጁ «እሱ ተናግሮ ሲጨርስ ታጨበጭባላችሁ፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ» አላቸው። እሺ አሉ። እኔም በተዋስኩት ሱፍ ፊታቸው ቆሜ የተጻፈልኝን ተናገርኩ።

«ውድ አባቶቼ፣ የእናንተ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው። መሬቱን በተመለከተ የሚመለከታቸው አካላት በሙሉ በተገኙበት፣ ሁሉንም ወገን አሸናፊ በሚያደርግ መልኩ፣ በቅርቡ አቅጣጫ ይቀመጣል።»

ማንም አላጨበጨበም። ሐጂ ሁሴን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ነጋ፤ ሰላም ይሁን። አላህ ይባርክህ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። «ያልከውን ልመልስልህ። ጉዳያችሁ ጉዳዬ ነው አልክ፤ ሰምተናል። ሰዎች ይመጣሉ አልክ፤ እነማን እንደሆኑ አልነገርከንም። ሁሉም ያሸንፋል አልክ፤ ከማን ጋር እንደምንጋጠም አልነገርከንም። በቅርቡ አልክ፤ ከዝናቡ በፊት ይሁን ከዝናቡ በኋላ አልነገርከንም። ያልከው ይህ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ከኋላ የተቀመጡ፣ አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ አንድ አዛውንት «ማል ጄዼ?» ብለው ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ሐጂ ዞር ብለው «ሆማ ሂን ጄኔ» አሏቸው። ምንም አላለም ማለታቸው ነው። ካሜራ የያዘው ልጅ የባሌ ልጅ ስለነበር በሳቅ ካሜራውን አናወጠው።

አዘጋጁ መጥቶ ድራማ መሆኑን አስረዳ። ሐጂም በትሕትና «ድራማ መሆኑን እናውቃለን ልጄ። ድራማም ቢሆን ያልሰማነውን አናጨበጭብም» አሉት። እንደገና ተቀረጸ። እንደገና ንግግሬን እያራገፉ መለሱልኝ። በመጨረሻው ሙከራ ወደ እኔ ቀረብ ብለው ዓይኔን እያዩ «መሬቱን ትወስዳለህ ወይስ ትተዋለህ?» አሉኝ። እናቴን ያሳደጉ ሰው ናቸው። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«እወስዳለሁ ሐጂ» አልኩ።

«ጎሽ። አሁን ተነጋገርን» አሉና አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹም ሁሉ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ።

ችግሩ፣ በታሪኩ ውስጥ ገበሬዎቹ መሬቱ መወሰዱን የሚያውቁት ገና ብዙ ክፍል ካለፈ በኋላ ነበር። አዘጋጁ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ማሳውን ሸፈነው፤ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ያንን ትዕይንት አዲስ አበባ አጠገብ በሌላ ተዋናይ ሠሩት። ለእኔ «እንደዋወላለን» አሉኝ፤ የደወለ ግን የለም። በጣም ነው ያፈርኩት። ሱፉን አጣጥፌ መለስኩ። ሐጂ ግን ሥራው ያማረልን መስሏቸው በግ አረዱልኝ። እውነቱን መንገር ስላቃተኝ በጉን በላሁ።

ከዚያ በኋላ በዘይነባ ሱቅ በርበሬና ጨው እየመዘንኩ ስኖር አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው። «የገበሬውን ጥያቄ የመለስከው ሀብታም አንተ ነህ?» አለ። ጋሽ ታደሰ ነበሩ። በየድራማው የሀብታሙን ቦታ የሚይዙ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። የተጣለውን ቅጂ አንድ ሰው አሳይቷቸው ከወንበራቸው እስኪወድቁ ስቀዋል። ለአዲስ ድራማ ረዳት ስለፈለጉ ና አሉኝ።

ጋሽ ታደሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንግዳ ልማድ ነበራቸው። ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በየድርጅቱ ሄደው ወረፋ ይይዛሉ። ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ከባለጉዳዩ መሀል ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ተራቸው ሲደርስ «ለሌላ ቀን ይሁን» ብለው ይወጣሉ። መንገድ ላይ የሰሙትን ሁሉ በአለቃው ድምፅ እየተናገሩ ያስቁኛል። «ሀብታም አይሆንም አይልም» ይሉኝ ነበር። «አይሆንም የሚለው ዘበኛው ነው። ሀብታሙ ስለ ልጆችህ ጤና ይጠይቅሃል። ሻይ ምን ይምጣልህ ይልሃል። ቀጥሎ ቦርዱን ያነሣል፤ ቦርዱን አይተኸው አታውቅም። ከዚያ እጁን ሊጨብጥህ ሲነሣ አንተም ሳትወድ ትነሣለህ። በር ላይ ስትደርስ ነው ባዶ እጅህን መውጣትህ የሚገባህ።»

ስለ ሮቤው ውድቀቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ። «አንተ አላበላሸህም። ከንግግርህ ሥር ምንም አልነበረም፤ ጸሐፊውም የሚደብቀውን አያውቅም። ሽማግሌው ሲያነሡት ባዶ ሆኖ አገኙት» አሉ። ስለዚህ ቃለ ተውኔት ሲሰጠኝ መጀመሪያ ግድግዳ ፊት አቁመው እውነቱን ያናግሩኝ ነበር። «አባርሬሃለሁ። ውሸቴን ነው። ፈርቻለሁ።» ይህን ደጋግሜ ጮክ ብዬ ካልኩ በኋላ ነው የተጻፈውን እንድናገር የሚፈቅዱልኝ። ያኔ ድምፄ ራሱ ዝቅ ይላል፤ እጄም የሚነካካው ነገር ይፈልጋል። ብርጭቆዋን በሳሕኗ ላይ ማዞር፣ መነጽር መጥረግ፣ ያልጮኸ ስልክ ማየት፤ ይህ ሁሉ ከግድግዳው የተገኘ ነው። ጋሽ ታደሰ ሲደክማቸው ቦታቸውን ለእኔ አስረከቡኝ። የማካሮኒ ፋብሪካው ባለቤት የሆንኩት እንደዚያ ነው።

ከሠራኋቸው ሁሉ ሰው የማይረሳው የዘበኛውን ነገር ነው። በታሪኩ የፋብሪካውን ሽማግሌ ዘበኛ አባርረዋለሁ። ታዲያ እንደ ሙያዬ ነው። ስለ ልጅ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ ትከሻውን ነካ አድርጌ «አንተ የቤቱ ሰው ነህ፤ ትንሽ አረፍ በል፤ የሚቀጥለውን እንነግርሃለን» አልኩት። የእጅ ሰዓትም ሰጠሁት። የድራማው ጸሐፊ ጎበዝ ናት፤ ሰውዬው መባረሩን እንዳይረዳ አደረገችው። በየክፍሉ ጠዋት ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ፣ የበሩን ቁልፍ ይዞ ይመጣል። አዲሱ ዘበኛ ያፍራል፣ ያስቀምጠዋል። እኔ በጥቁሯ መኪና ሳልፍ ቆሞ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አይዞህ፣ ጉዳይህ ተይዟል» እለዋለሁ።

ይህ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ሰላም አጣሁ። ከሮቤ ጎባ ሚኒባስ ላይ አንዲት እናት ከኋላዬ ትከሻዬን መታ አድርገው «ያንን ምስኪን ለምን አትነግረውም?» አሉኝ። «ጸሐፊዋ ናት» ብል «አፉ ያንተ አይደል?» አሉ። ሹፌሩም በመስታወቱ እያየኝ ከእሳቸው ጋር ወገነ። ሐጂ ሁሴን ደግሞ ለጥየቃ በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት እሱን ነው። «ነገርከው?» ይሉኛል። «አልነገርኩትም ሐጂ።» «እሺ፤ ትነግረዋለህ ኢንሻአላህ።» ለማንም አልናገር እንጂ እኔንም ይከነክነኝ ነበር። ዘበኛውን የሚሠራው አዛውንት ተዋናይ በሩ ላይ ሲቆም ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ዓመት ቀረጻ አልቆ ሮቤ እያረፍኩ ሳለ ፕሮዲውሰሩ ብሩክ ደወለልኝ። ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሽ ከድር፣ እንደሚያውቁት እርስዎ የድራማችን ምሰሶ ነዎት» አለኝ። «በመጪው ጊዜ ገጸ ባሕሪዎ ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሸጋገራል። ያበረከቱት ሁሉ በታሪኩ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቀጥላል። ለቤተሰብ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።»

እኔ፣ እንዲህ እያልኩ እንጀራ ስበላ የኖርኩት ሰው፣ በደስታ ዘለልኩ። ከማካሮኒ ፋብሪካ ወዲያ ሌላ ምዕራፍ ምን ሊሆን ይችላል? ባንክ ነው እንጂ። ባንክ ሊከፍቱልኝ ነው ብዬ ለዘይነባ ነገርኳት። እሷም ሱፌን ወገቡ እንዲሰፋ ልብስ ሰፊ ጋ ላከችው። ለባጃጅ ልጆች ነገርኳቸው፤ ያን ቀን በነፃ ጫኑኝ። በደስታዬ ላይ እያለሁ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

ሐጂ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። «ልጁ ያለህን እንዳለ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው።

«ልመልስልህ። ምሰሶ ነህ አለ፤ ሰምቻለሁ። ወደ ሌላ ትሄዳለህ አለ፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረህም። የሠራኸው በሕይወት ይኖራል አለ።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንተ ትኖራለህ አለ?»

ቃል በቃል ከአእምሮዬ ፈለግሁ። «አላለም» አልኩ።

«ኢናሊላሂ» አሉ ሐጂ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን።

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ጋሽ ታደሰ ቢኖሩ ምን ያህል ይስቁብኝ እንደነበር እያሰብኩ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አዘንኩ። በመጦሬ አይደለም፤ ጉልበቴም ደክሟል፣ ጊዜው ደርሷል። ሐጂ ያሰብኩትን ቀድመው ተናገሩት። «ሳትነግረው ልትሞት ነው?» አሉ።

እዚያው ከሐጂ ፊት ሳልነሣ ብሩክ ጋ ደወልኩ። «ብሩክ ልጄ፣ ያልከኝን ልመልስልህ» ብዬ አንድ በአንድ መለስኩለት። «ያልከው ይህ ነው?»

«አዎ ጋሽ ከድር።»

«እሞታለሁ ወይስ አልሞትም?»

«ይሞታሉ» አለኝ።

«ተባረክ» አልኩት፤ ከልቤ ነው። እሱም ቀለል ያለው መሰለኝ፤ ሁሉንም ዘረገፈው። የመኪና አደጋ ነው። አደጋው በዜና ብቻ ስለሚነገር እኔ ለቀረጻ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። አንድ ትዕይንት ብቻ እንዲሰጡኝ ለመንኩት፤ ከመሞቴ በፊት ለዘበኛው ልንገረው አልኩ። «እናየዋለን» አለ። «ታየዋለህ ወይስ አትፈልግም?» አልኩት። ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ አበረታቱኝ። «ነገ ጠዋት ጸሐፊዋን ጠይቄ እደውላለሁ» አለ። ደወለም። ጸሐፊዋ እሺ ብላለች፤ እንዲያውም ተመልካቹ ስለ ዘበኛው እየወቀሰ መውጫ መግቢያ አሳጥቷት ኖሯል።

የቀረጻው ዕለት እንደ ጋሽ ታደሰ ልማድ ግድግዳ ፊት ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። ከዚያ የምደብቅበትን ንግግር ልለማመድ ስል የለም። የተጻፈልኝ ያው ግድግዳው ፊት ያልኩት ነው። ቀረጻው ሲጀምር እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ብርጭቆ የለ፣ ስልክ የለ። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ወደ በሩ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከሱፉ ውስጥ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

«እረፍት ላይ አይደለህም» አልኩት። «ከሥራ ተባርረሃል። ያባረርኩህ እኔ ነኝ። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

አዛውንቱ ተዋናይ አተኩሮ አየኝ። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘና ያንን ሁሉ ክፍል ይዞት የኖረውን ቁልፍ አወጣ። «እንግዲያው ይረከቡኝ» ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ቁልፉ ከእጁ ሙቀት ሞቆ ነበር። አዘጋጁ «ይበቃል» ካለ በኋላም ሁለታችንም ከቦታችን ለመነሣት ጊዜ ወሰደብን።

እሑድ ከሰዓት በድጋሚ ሲተላለፍ ሐጂ ቤት ነበርኩ። ሐጂ ያኔ ማሳው ዳር ከነበሩት በሕይወት ያሉትን ሁሉ ጠርተዋል፤ ዘይነባም አለች። በቴሌቪዥኑ ወደ በሩ በእግሬ ስሄድ ሁሉም ወደፊት ጠጋ አሉ። ተናግሬ ስጨርስ እነዚያው አማርኛ እምብዛም የማይሰሙት አዛውንት፣ አሁን በጣም ያረጁት፣ ወደ ሐጂ ዘንበል አሉ።

«ማል ጄዼ?» አሉ።

ሐጂ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ መለሱላቸው። ተባርረሃል አለው። ያባረርኩህ እኔ ነኝ አለው። ልነግርህ ፈርቼ ነው አለው።

«ሌላስ?» አሉ አዛውንቱ።

«በቃ» አሉ ሐጂ። በትራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ማጨብጨብ ጀመሩ። አዛውንቱ ተከተሉ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ዘይነባ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች አጨበጨበች። ቴሌቪዥኑ ላይ የመኪናው አደጋ ዜና ሲነገር እነሱ ገና እያጨበጨቡ ነበር፤ መሞቴን ማንም አልሰማም።